የአባ መጫ ክንድ ስንት ላይ ይጽና?

ማክሰኞ፣ ንጋት

አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ ሲወጣ ገና አልነጋም። ጣራው ላይ ፍራሽ፣ ባዶ ጀሪካንና የታሰሩ ዶሮዎች፤ ውስጡ ሳልና የብርቱካን ልጣጭ ሽታ። ቦርሳዬ ማኅተም ያለበት የይለፍ ወረቀት፣ ጥቅል ፋሻ፣ ባለ ሰባት መስመር ቅጽና ማዕዘን መለኪያ ይዟል። ሥራዬ የአካል ጉዳተኞችን ክንድ መለካት ነው፤ ኩባያ ሲያነሡ፣ ጸጉር ሲያበጥሩ፣ ቁልፍ ሲቆልፉ ክርናቸው ስንት ዲግሪ እንደሚታጠፍ። ቀጥ ብሎ የተዘረጋ ክንድ ዜሮ ነው፤ በታጠፈ ቁጥር ቁጥሩ ይጨምራል። እናቴ ለጎረቤት «ልጄ ልብስ ሰፊ ሆኗል» ብላ የምታወራው ለዚህ ነው።

የዚህ ጉዞ ምክንያት ግን አንድ ሰው ናቸው። አባ መጫ የሚባሉ የአጋሮ ቡና ገበሬ ከቡናው የጥላ ዛፍ ወድቀው የቀኝ ክርናቸው ተሰብሮ ሳይገጥም ቀርቷል። ይወላገዳል፣ ያማል፣ ዕቃ አያነሣም። የሆስፒታላችን ሐኪም ሊያደርግላቸው የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አጥንቱን በአንድ ማዕዘን አጋጥሞ ማጽናት። ከዚያ ወዲያ ክንዱ አይታጠፍም፣ አይዘረጋም፤ ዕድሜ ልክ እንደዚያው ይኖራል። «የትኛው ማዕዘን እንደሚበጃቸው ቤታቸው ሄደህ ለክተህ አምጣልኝ» ብሎ ላከኝ።

ግቤ ኬላ ላይ ወረድን። ፈታሹ መለኪያዬን አገላብጦ «ጓድ፣ ይኼ ምንድን ነው?» አለኝ። መልሱን በአፍ ከመናገር ብዬ ክርኑን ለካሁለት። መቶ አርባ። ጓደኞቹን ጠርቶ እነሱንም አስለካ፤ ተሳፋሪው በኔ ምክንያት ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆሞ እያጉረመረመ ተሳፈረ። ጅማ የገባነው አመሻሽ ላይ ነው።

ረቡዕ፣ ከሰዓት፣ አጋሮ

በላንድሮቨር ታክሲ አሥራ አራት ሆነን መጣን። ኅዳር ነውና በመንገዱ ግራና ቀኝ ቀይ እሸት ቡና እንዲደርቅ ተሰጥቷል፤ ዶሮ የሚያባርር ሁሉ ዱላ ይዞ ተቀምጧል። አባ መጫ አምሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ረጅምና ዝምተኛ ሰው ናቸው። ቀኝ ክንዳቸውን በጋቢ ጠቅልለው በር ላይ ተቀበሉኝ።

ወዲያው ኩባያ አስያዝኳቸው። ቀስ ብለው ጠጡ። እኔም ቅጹ ላይ «አፍ ይደርሳል» ብዬ ጻፍኩ። ባለቤታቸው ሐዋ አጠገቤ ቆመው ነበር።

«ሐኪም፣ ክንዱ መች ሄደ?» አሉኝ። «አፉ ነው የመጣው።»

ድጋሚ አየሁ። እውነትም አንገታቸውን ሰብረው ወደ ኩባያው ወርደዋል። የሦስት ዓመት ባለሙያ ነኝ እያልኩ የምኩራራው ሰውዬ አፈርኩ። ሰረዝኩትና ክንዱን አፍ በሚደርስበት ማዕዘን፣ መቶ ሠላሳ ላይ፣ ለሙከራ በቀርከሃ ስንጥርና በፋሻ አሰርኩት። እስላም በቀኙ ነው የሚበላው፤ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ መሰለኝ።

ሐሙስ

ቁርሳቸውን በቀኛቸው በሉ። ፊታቸው ፈካ። ቡናው ውስጥ ስንገባ ግን ግራ እጃቸው ቅርንጫፉን ቢጎትትም ቀኛቸው ደረታቸው ላይ እንደ ተለጠፈ ቀረ። አንዲትም ፍሬ አልለቀሙም። ፈትቼ አርባ ላይ ዘርግቼ አሰርኩት፤ ያኔ ቅርጫቱ እስከ ግማሽ ሞላ። ምሳ ላይ ግራ እጃቸውን ወደ ትሪው ሰደዱ፣ ቆም አሉ፣ ጠገብኩ ብለው ተነሡ።

ሐዋ ነገሩን አሳጥረው ያዩታል። «የሚያኖረን ቡና ነው፣ አጉርሼ አበላዋለሁ፣ አርባ ብለህ ጻፍ» አሉኝ። አባ መጫ ክንዳቸውን መልሰው በጋቢ ጠቀለሉ። እኔም አልጻፍኩም። የሰው ዕድሜ በኔ እርሳስ ጫፍ ላይ መንጠልጠሉ ከብዶኝ ዋልኩ።

ዓርብ

ጎረቤቱ ሁሉ ለጁምዓ ሲዘጋጅ አባ መጫ ምንጣፋቸውን እቤት አነጠፉ። ለምን እንደማይሄዱ ጠየቅኳቸው። ከወደቁ ወዲህ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ መስጊድም ገበያም አልወጡም ለካ።

«እዚህ አገር ሰው ሲገናኝ እጅ ለእጅ ይሳሳማል» አሉኝ። «እሱ የኔን ይስማል፣ እኔ የሱን እስማለሁ። አሁን እሱ ይስምና የኔ እጅ እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀራል። አንገቴን ብሰብር ደግሞ ታናሼ ያፍራል። ማሎ፣ እባክህ ሐኪም፣ ይኼን ለካው።»

ከቅጹ ሰባት መስመሮች በአንዱም የለም። ተነሥቼ እጃቸውን ያዝኩና ሳምኩ። የሳቸውን ተራ ደጋግመን፣ ስንጥሩን እየፈታሁና እያሰርኩ ሞከርነው። አፍ ለመድረስ መቶ ሠላሳ የጠየቀው ክንድ ለሰላምታ መቶ በቃው። ምክንያቱ ቀላል ነበር፤ ቀሪውን መንገድ የኔ ክንድ የተያያዘውን እጃችንን ወደ ከንፈራቸው ያመጣዋል። በመቶ ዝቅ ያለው ቅርንጫፍ ይለቀማል፣ ከፍ ያለው ግን አይደረስም። ጉርሻ አፍ አይደርስም፤ ረጅም ማንኪያ ይደርሳል።

«ሰላምታ ቅርጫት አይሞላም» አሉ ሐዋ። ድምፃቸው ተቆጥቷል፤ ከላይ ያለው ቡና በሳቸው ጫንቃ ላይ እንደሚወድቅ ገብቷቸዋል።

«አይሞላም» አሉ አባ መጫ። «ግን ሐዋ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንቺን ብቻ ነው ያየሁት።»

ሐዋ ሳቃቸው መጣ፣ ከዚያ እንባቸው መጣ። ጋቢውን ከክንዳቸው ላይ ገፈው ትከሻቸው ላይ አደረጉላቸው። «በል ሂድ» አሉ።

ቅጹ ላይ «መቶ» ብዬ ጻፍኩና ስንጥሩን እዚያው ላይ አጠበቅኩት። አብረን ወጣን። መጀመሪያ ያገኘን አንድ ወጣት ቡና ነጋዴ ነበር። እጃቸውን ያዘ፣ ሳመ፤ አባ መጫም ቀና እንዳሉ የሱን ሳሙ። ሰውዬው ስንጥሩን አይቶ ምንም አልጠየቀም፤ ስለ ዝናቡ አወራ። ቀጥሎ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከዚያ ከወፍጮ ቤት የሚወጡ፣ ከዚያ ከመንገዱ ማዶ ስማቸውን እየጠሩ የሚሻገሩ። ከቤታቸው እስከ መስጊዱ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ስንደርስ የኢማሙ ስብከት፣ ኹጥባው፣ አልቆ ሰዉ ለሶላት ተሰልፎ ነበር፤ አባ መጫ ጫማቸውን አውልቀው እየሮጡ ገቡ።