በፍልሰታ የገባው ገንፎ

ፖሊሶች ሲይዙኝ ባጃጄን እያስነሳሁ ነበር። ሚስቴ ምጥ ጀምሯት ወደ ጤና ጣቢያ ላደርሳት ነው። ከወንበሩ ሥር ተሳፋሪ የጣለው ወረቀት አገኙ፤ መንግሥትን የሚሰድብ ነው አሉ። "ማንበብ አልችልም" ብል፣ "ግድ የለም፣ እናስተምርሃለን" አለ አንዱ። ሳቁ። እሷን በር ላይ ትተው እኔን ወሰዱኝ።

የታሰርኩባት ክፍል ቆርቆሮ ጣሪያ ነበራት። የድሬን ፀሐይ ለሚያውቅ ይሄ ይበቃዋል። ውስጥ ሦስት ሰዎች አገኘሁ፦ ዲያቆን፣ የታሪክ መምህር፣ ጫት ነጋዴ። ጠያቂ ክልክል ነው፤ ምግብ ብቻ ከውጭ ይገባል። ስለዚህ ገንፎ ጠበቅኩ። ገንፎ ከመጣ ሚስቴ በደህና ተገላግላለች ማለት ነው። የመጀመሪያው ቀን ሽሮ መጣ። በማግስቱም ሽሮ።

ጊዜው ፍልሰታ ነው። ዲያቆኑ በየጠዋቱ የማርያምን ጸሎት ይደግማል። በሦስተኛው ቀን መምህሩ አላስችል አለው።

"ክርስትና ሳይመጣ ግብፆች ልጇን የምታጠባ እናት ያመልኩ ነበር። ስም ተቀየረ እንጂ ወንበሩ ያው ነው።"

"እመቤታችን የማንም ወንበር አልወረሰችም" አለ ዲያቆኑ። ምንጣፉን አንስቶ ወደ ሌላው ጥግ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ከመምህሩ ጋር አልበላም፣ አላናገረውምም።

"አቦ ተዉን" አለ ጫት ነጋዴው። "የሰውየው ሚስት ምጥ ላይ ናት።"

ሁለቱንም ጠላኋቸው። እናቴ ለወላድ መንፈሷ ለአቴቴ ጨሌዋን አጥልቃ ቅቤ ትቀባ ነበር፤ በማግስቱ ደግሞ ማርያምን ትሳለማለች። ማን ከማን ወረሰ ብላ አልጠየቀችም። የምትወልድ ሴት ልመናዋን የሚሰማላትን ነው የምትጠራው። እኔም ሌሊቱን አቴቴንም ማርያምንም ስጠራ አደርኩ።

በአራተኛው ቀን ጠባቂው ሣህን ይዞ ገባ። ገንፎ ነው። ወረቀት ፍለጋ ቅቤው መሐል እንጨት ሰዶ አተራምሶታል። "ወንድ ነው ሴት?" አለኝ እየሳቀ። ሣህኑን ከእጁ ተቀበልኩ።

"እንኳን ማርያም ማረቻት፣ ወላሂ" አለ ጫት ነጋዴው።

"እንኳን ማርያም ማረቻት" አለ መምህሩም።

ዲያቆኑ ካለበት ጥግ ቀና አለ። "የትኛዋ?"

"ያንተዋ" አለው መምህሩ።

ዲያቆኑ ጾመኛ ነው፤ ቅቤ አይነካም። ግን ተነሣ። አራታችን እስከ ማታ የምንጠጣውን ውሃ አንስቶ መምህሩን እጅ አስታጠበው። "በደንብ ታጠብ፤ የአራስ ምግብ ነው" አለው። ከዚያ አጠገባችን ተቀምጦ ስንበላ ተመለከተን።

ሰባት ወር ቆየሁ። መምህሩ በሳሙና ስባሪ ግድግዳው ላይ እየጻፈ ፊደል አስቆጠረኝ። ያ ፖሊስ እንዳለው ሆነ።

ስፈታ በር የከፈተችልኝ ሚስቴ ናት። እጇ ባዶ ነበር። ልጁ ሞቶ ነው የተወለደው። "እዚያ ሆነህ እንዳትሰበር ብዬ ነው ያገነፋሁት" አለችኝ ምግቡን ታመላልስልኝ የነበረችው አማቴ። ጣፍጦኝ ነበር የበላሁት።

አሁን አነባለሁ። ስለዚያች ስለ ጥንቷ የግብፆች እናት የተጻፈ መጽሐፍ አግኝቼ እስከ መጨረሻው ታገልኩት። ማን ማንን እንደተካ ብዙ ይከራከራል። ሥዕሎችም አሉት። የጥንቷም፣ የኛዋም፣ ሁለቱም ልጃቸውን ታቅፈዋል። ዘጋሁት።

ሰፈር ውስጥ ሴት ስትወልድ ሚስቴ ገንፎ ታገነፋለች። በባጃጄ አደርሳታለሁ። ገብታ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ስትል ድምፅዋ እስከ ውጭ ይሰማል፤ አይንቀጠቀጥም። እኔ አልገባም። ሞተሩን አጥፍቼ እጠብቃታለሁ።