በካልሲ የዞርናት ሮም

ሜልበርን፣ ዳንደኖንግ ሰፈር ካለችው የጫማ ሱቄ አጠገብ ያለውን ቤት አዲስ ተከራይ እያሳደሰው ነው። ባለፈው ሳምንት ሠራተኞቹ ኖራ ሲያቦኩ፣ እርጥብ የኖራ ሽታ በበሩ ስር ሾልኮ ገባና የቆዳውን ሽታ ዋጠው። አንዲት ደንበኛ ቁጥር ሠላሳ ስምንት እንዳመጣላት ቆማ ትጠብቃለች። እኔ ግን በሐሳብ እዚያ የለሁም። የአባቴ የሥራ ካፖርት እንደዚያ ነበር የሚሸተው።

አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ ግንበኛ ነበሩ። ሙያውን ያስተማሯቸው ሰው እሳቸውም ከአንድ ሽማግሌ ጣሊያን ነበር የተማሩት። ስለዚህ እኛ ቤት ሮም ስትነሳ እንደ ጠላት አገርም እንደ ጳጳስ አገርም አይደለም፤ የመምህር መምህር ቤት ናት። እኔ ግንበኝነቱን ሸሽቼ ትምህርቴን መርካቶ ጫማ ተራ ጨረስኩ፤ ከዚያም በስደት ዞሬ ዞሬ ሜልበርን ገባሁ።

ሃያ ስድስት ዓመቴ ላይ ስልክ ደወሉልኝ። ሐኪም ዓይናቸውን አይቶ ግላኮማ ነው ብሏቸዋል፤ ከዓመት በላይ ብርሃን አይኖርም።

"በቱቦ ውስጥ እንደ ማየት ነው፤ በየቀኑ ይጠብባል" አሉኝ፣ ስለ ሌላ ሰው ዓይን እንደሚያወሩ ተረጋግተው። "ሳይዘጋ ሮምን ልያት።"

"አባባ፣ እኔ ጋ ይምጡና ሜልበርንን ይዩ እንጂ።"

"ዕድሜዋ ስንት ነው?"

"ሁለት መቶ ዓመት አልሞላትም።"

"ገና ልጅ ናታ! እሷ ትቆየኛለች።"

ሁለቱንም ትኬት ቡክ አደረግሁ፤ የገበያ ድንኳኔን ለጓደኛዬ ትቼ ሄድኩ። ሰኔ ነበር። እኔ ከሜልበርን ብርድ፣ እሳቸው ከአዲስ አበባ ዝናብ አምልጠን የሮም ፀሐይ ላይ ተገናኘን። ከተለያየን ሰባት ዓመት ሆኖን ነበር። አንገቴን አቅፈው ቆዩና የመጀመሪያ ጥያቄያቸው "ከየትኛው ግንብ እንጀምር?" ሆነ።

አውቶቡስ እንቢ አሉ። ግንብ በመስኮት አይታይም አሉ። ከራሴ ዕቃ መርጬ ያመጣሁላቸውን ቡናማ ጫማ አድርገው፣ ክንዴን ይዘው፣ ከጠዋት እስከ ማታ ዞርን። ጎናቸውን ስለማያዩ በየጠርዙ እኔ "ደረጃ!" እላለሁ፤ እሳቸው "አየሁት" ይላሉ፤ አላዩትም። ግድግዳ ሲያገኙ መዳፋቸውን ያሳርፋሉ፣ ልስኑን በጥፍራቸው ጫር ያደርጉና ያሸቱታል። የሺህ ዓመት ግንብ ፊት ቆመው "ይቺ ውሃ በዝቶባታል" ብለው ሲተቹ ሰምቻለሁ። ሌላው ፊት ግን ቆባቸውን ያወልቃሉ።

እኔ መጀመሪያ የነጋዴ ዓይኔን አልተውኩም። እኛ ሰፈር ጣሪያው የወደቀ ቤት ማዘጋጃ ቤት መጥቶ ያፈርሰዋል፤ እዚያ ግን ሰው ተሰልፎ ከፍሎ ይገባበታል። ይሄ ንግድ ነው ብዬ አደነቅሁ። በሁለተኛው ቀን አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይዋ ጡብ ጡቡን ማር ስታስመስለው፣ ፏፏቴው ከየጓሮው ሲሰማ፣ እኔም ዋጋ መገመቱን ረሳሁ።

የተሳሳትነው በሦስተኛው ቀን ነው። አባቴ ቤተ ክርስቲያን በገባን ቁጥር ጫማቸውን ያወልቃሉ። ሮም ደግሞ በየአምስት ቤቱ ቤተ ክርስቲያን ናት።

"አባባ፣ እዚህ ማንም አያወልቅም።"

"እነሱ ቤታቸው ስለሆነ ደፍረዋል። እኛ እንግዳ ነን።"

የዚያን ቀን አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ጥንድ ጫማቸውን አስተካክለው አስቀመጡና ገባን። የጣሪያውን ሥዕል አይተን ስንወጣ ጫማው የለም። አንዲት መጥረጊያ የያዘች አሮጊት ፊታችንን አይታ ደነገጠች፤ በእጇ ቆሻሻ መኪና ላይ መጣሏን፣ ከዚያም መኪናው የሄደበትን የመንገዱን ጫፍ አሳየችን። አልፈረድኩባትም። እኛ ጋ ደጃፍ ላይ ያለ ጫማ ሰው ውስጥ አለ ማለት ነው፤ እነሱ ጋ ሰው ጥሎት ሄደ ማለት ነው።

"የጫማ ነጋዴ አባት!" አሉ አባቴ ካልሲያቸውን እያዩ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ።

ሌላ ልግዛ ብል ሱቁ ሁሉ ለምሳ ተዘግቷል። ገዢ ገንዘቡን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ እነሱ ምሳ ይበላሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በነጋዴ አፍሬ አላውቅም። ታክሲ ልጥራ አልኩ፤ አባቴ ግን መሄድ ጀምረው ነበር።

"ተወኝ፣ ደስ ይላል። ይሄ ድንጋይ አሮጌው ነው፤ ሰው አለስልሶታል። ይቺ... ይቺ በቅርብ የተተካች ናት።" ጎንበስ ብዬ አየሁ። ልክ ነበሩ።

እንዲያ እሳቸው በካልሲ ሆነው ነው ቀትር አለፍ ሲል ትልቁ ጉልላት ውስጥ የገባነው፤ አናቱ ላይ ክብ ቀዳዳ ያለው። በቀዳዳው የገባው ፀሐይ ወለሉ ላይ እንደ ሰፌድ ክብ ሆኖ ተዘርግቷል።

"ሳይጨርሱት ነው?" አልኳቸው።

"አፍህን ያዝ! አውቀው ነው የተዉት። ክብደቱን ቀነሱለት፣ ብርሃኑን አስገቡበት።" አንገታቸውን ወደ ላይ ቀና አድርገው በዚያች ጠባብ ዓይናቸው ጉልላቱን ቁራጭ በቁራጭ ዞሩት። "እጃቸው ይባረክ" አሉ፣ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡትን ሠራተኞች።

ከዚያ እጄን ጎትተው ብርሃኑ መሃል አቆሙኝ።

"አባባ፣ ገና ግድግዳውን አላዩም።"

"አየሁ፤ ይበቃኛል። ቀጥ በል።"

ድንጋይ በቱንቢ እንደሚያቀኑ ትከሻዬን ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ አደረጉና ግንባሬን፣ ቅንድቤን፣ ጆሮዬን፣ አገጬን አንድ በአንድ አዩ። ቱሪስቱ ካሜራውን ከጉልላቱ ወደ እኛ አዞረ።

"ሰው እያየን ነው" አልኩ።

"ይየን። እኔም እያየሁ ነው። አትሳቅ፣ ጉንጭህ ይለወጣል።"

ብርሃኑ ወለሉ ላይ ፈቀቅ ሲል እኔንም አብረው ፈቀቅ አደረጉኝ፤ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። በመጨረሻ "አፍንጫህ የእናትህ ነው፤ ተርፈሃል" አሉና ክንዴን ያዙ።

ዓመት ሳይሞላ ዓይናቸው ተዘጋ። ከዚያ በኋላ በየእሁዱ ስደውል፣ ከሰላምታው ቀጥሎ "ፊትህ እንዴት ነው?" ይሉኝ ነበር።

"ያው ነው፣ አባባ።"

ጸጉሬ ሸሸ፤ መነጽር አደረግሁ፤ ሜልበርን ዳር ትሩጋኒና ሰፈር የምትኖረው ልጄ የድሮ ፎቶዬን አይታ ይሄ ማነው ብላ በእንግሊዝኛ ሳቀችብኝ። በሥራዬ ያረጀ ዕቃ አዲስ ነው ብዬ ሸጬ አላውቅም። ለአባቴ ግን እስከ መጨረሻዋ እሁድ ድረስ "ያው ነው" አልኳቸው፤ እሳቸውም የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ እያላቸው ሞቱ።