ቫይታሚን ነው ያልኩት መርፌ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። በየዓመቱ እሳቸው ፊት ተንበርክኬ ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ የሻርኩትን ጾም እዘረዝራለሁ። «ሌላስ ልጄ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም» እላለሁ። አለ። ሌላው አንድ ሰው ነው። ኸሊል ይባላል። ጤነኛ ሰው ነበር፤ እኔ በገዛ እጄ በመርፌ ወጋሁት። አንዴና ሁለቴ አይደለም፤ አራት ዓመት ሙሉ ወጋሁት።

አሶሳ የተመደብኩት ክልሉ ገና ሲቋቋም ነው። ቢሮዎቹ በየሰው ግቢ ተከራይተው ይሠሩ ነበር፤ ሠራተኛው ከየአገሩ የመጣ፣ እርስ በርሱ የማይተዋወቅ ነው። እኔ ከጎጃም የመጣሁ ነርስ ነበርኩ። በጤና ጣቢያው መርፌ እወጋለሁ፣ ቁስል አጥባለሁ፤ ከሥራ ስወጣ ግን ማንም አያውቀኝም። ይህን የምለው ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም። ሰው እንዲያውቀኝ ምን ያህል እፈልግ እንደነበር ሳልናገር የሠራሁት ነገር አይገባችሁም።

ኸሊል የበርታ ተወላጅ፣ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበር። ዕድሜያችን እኩል ነው። በአባቱ ግቢ፣ ከማንጎ ዛፉ ሥር፣ ክብደት ማንሻ ቦታ አዘጋጅቶ ነበር፤ ብረቱ የአሮጌ ጭነት መኪና የጎማ ዘንግ፣ ክብደቱ ሲሚንቶ የተሞላ የወተት ጣሳ። አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ሶላቱን አያሳልፍም። ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሸሚዙን አጥሩ ላይ ይሰቅልና ብረቱን ያነሳል። እኔም አብሬው መሥራት ጀመርኩ። ጓደኛ ሆንን። «አኹይ» ይለኝ ነበር፣ ወንድሜ ማለቱ ነው።

አንድ ክረምት ለኮርስ አዲስ አበባ ሄዶ ተመለሰ። አብረውት የተማሩት መምህራን ከየት እንደመጣ ሲነግራቸው፣ «እሱ ሱዳን ውስጥ አይደለም እንዴ?» ብለው ጠይቀውታል። ሳይስቅ ነው የነገረኝ። ከዚያ የሰውነት ቅርጽ ውድድር ለሁሉም ክልሎች ክፍት መሆኑን ሰማ። መድረክ ላይ ቆሞ የክልሉ ስም በድምፅ ማጉያ ሲጠራ መስማት ፈለገ፤ ሌላ ምንም አልፈለገም። እኔ አሰልጥንሃለሁ አልኩት። ምን አውቄ? ስለ ጡንቻ የማውቀው ነርስነት ስማር ያጠናሁትን ብቻ ነበር።

ስለ ወጋሁት መድኃኒት እውነቱን ልናገር፤ በጎነቱንም ጨምሬ። በዚያ ሰሞን ከባምባሲ በኩል የመጣ አንድ ሰፋሪ ገበሬ ጤና ጣቢያችን ተኝቶ ነበር። ረጅም ሕመም ሥጋውን ጨርሶት አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። ሐኪሙ ሥጋ የሚመልስ የሆርሞን መርፌ አዘዘለት፤ የወጋሁት እኔ ነኝ። ከሳምንታት በኋላ ያ ሰው ምግብ መብላት ጀመረ፣ ጉልበቱ ተመለሰ፣ በእግሩ ቆሞ መርቆን ወደ ቤቱ ሄደ። መርዝ አልነበረም። ለደከመ ሰው፣ በልክ፣ እየተከታተሉ ሲሰጡት የሚያነሳ መድኃኒት ነው። እኔ ግን ምንም ላልጎደለው ሰው፣ ያለ ልክ ሰጠሁት።

ካርቶኑ ውስጥ የነበረውን ወረቀት አንብቤዋለሁ። አላወቅኩም እንዳልል ነው ይህን የምጽፈው። ጉበት ይጎዳል ይላል። የደም ግፊት ያመጣል፣ ልብን ያሳብጣል ይላል። የወንድን ዘር ያደርቃል፣ በጊዜ ከተቋረጠ ግን ሊመለስ ይችላል ይላል። እያንዳንዱ ቃል ገብቶኛል። ካነበብኩ በኋላ ቀድጄ ያገለገሉ መርፌዎች የምናቃጥልበት ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት። ድንበር ላይ ባለችው ኩርሙክ ከተማ፣ ከሱዳን በኩል ሽቶና ጨርቅ የሚያመጣ ነጋዴ ነበር፤ ያንኑ መርፌ፣ ያንኑ ሥራ ከሚሠራ እንክብል ጋር፣ እንዲያመጣልኝ አዘዝኩት።

ኸሊል ጠይቆኛል። ሳይጠይቀኝ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ትንሽ ይቀለኝ ነበር። ብልቃጡን ተቀብሎ በፀሐይ አየውና፣

«አኹይ፣ ይሄ በስፖርት የተከለከለ ነገር የለበትም?» አለኝ።

«ቫይታሚን ነው» አልኩት።

«ወላሂ?»

«ቫይታሚን ነው አልኩህ እኮ።»

ዞሮ ተመቻቸልኝ። ወጋሁት።

በሁለት ወር ውስጥ የሰውነቱ ነገር ሌላ ሆነ። ትከሻው ሰፋ፣ ደረቱ ሸሚዙን ወጠረው፣ ጣሳ ጨመርን፣ እንደገና ጨመርን። ሰው ሊያየው ይመጣ ጀመር፤ የቢሮ ኃላፊዎች ሳይቀሩ አጥሩ ላይ ተደግፈው ያዩታል። እኔንም «አሰልጣኝ» ይሉኝ ጀመር። በመንገድ ሳልፍ የማላውቀው ሰው ከመቀመጫው ተነስቶ ይጨብጠኛል። እንዴት ይጣፍጥ እንደነበር አልደብቅም። አዲስ አበባ ሄዶ ሦስተኛ ወጣ። የክልሉ ስም በድምፅ ማጉያ ተጠራ። እሱ መድረኩ ላይ ሲያለቅስ እኔ ታች ቆሜ አለቀስኩ። እኔን ያስለቀሰኝ ምን ነበር? የእሱ ደስታ ነው? ወይስ ማታለሌ መሳካቱ?

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ወረቀቱ በጊዜ ከተቋረጠ ይላል። ጊዜው ያ ነበር። ግን ካቆምኩ ሰውነቱ ይሟሽሻል፣ ሰውነቱ ከሟሸሸ እኔ ማን ነኝ? በሚቀጥለው ዓመት አንደኛ ትወጣለህ አልኩትና መጠኑን ጨመርኩ።

ሐዋን ያገባው ወደ ውድድሩ ከመሄዳችን በፊት ነው። የኩርሙክ ልጅ ናት፤ ዝምተኛ፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ የምትሸፍን። ዓመት አለፈ፤ ልጅ የለም። ሁለተኛውም ሊያልፍ ሆነ። ኸሊል አንድ ቀን ለብቻዬ ወስዶኝ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ የወንድነት አካሉ እንዳነሰ፣ ከሚስቱ ጋርም እንደ ድሮው እንዳልሆነ ነገረኝ። መምህር ሰው ነው፣ ይህን ለመናገር ምን ያህል እንደተጨነቀ ከግንባሩ ላብ ታየኝ። የስፖርት ድካም ነው፣ ይመለሳል አልኩት። ጠባዩም ተለውጦ ነበር። ድምፁ ከፍ ብሎ የማያውቀው ሰው በመምህራን ማረፊያ ክፍል ወንበር አንስቶ ግድግዳ ላይ ሰበረ። ባልደረቦቹ ዘንድ ያማለድኩለት እኔ ነኝ። ደክሞት ነው አልኳቸው።

ሐዋ ደግሞ ብቻዋን ጤና ጣቢያ መጣች። ሰው እስኪያልቅ አግዳሚው ላይ ጠብቃ ገባች። አማርኛዋ ብዙ አልነበረም፤ ቃል በቃል እየፈለገች ተናገረች። የባሏ እናት ሌላ እንዲያገባ እየገፋፉት ነው። እሷ ምን ሆና እንደማትወልድ እንድነግራት ፈለገች። የሽንትና የደም ምርመራ አዘዝኩላት። ምንም አልተገኘም። እንደማይገኝ ሳልመረምራት አውቅ ነበር።

«ሐኪም፣ ኸሊልም ይታይ?» አለችኝ።

«እሱን አታይውም እንዴ? እንደሱ ያለ ጤነኛ ሰው በአገሩ አለ?» አልኳት።

አንገቷን ደፋች። አመነችኝ። ነጭ ጋዋን ለብሻለሁ፣ የባሏ ወንድም ነኝ፣ ለምን አታምነኝም? አንዲት ሴት መካን ነኝ ብላ እንድታምን ያደረግኳት በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ የሚያንቀኝ ከመርፌዎቹ ሁሉ ይልቅ ይህ ነው።

ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ፈታትና ወደ ቤተሰቦቿ ሄደች። ኸሊል ይወዳት ነበር። ለሳምንት ብረት አልነካም፤ ማንጎው ሥር ተቀምጦ ይውላል። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ አጽናናው ነበር። እናቱ የመረጡለትን ሌላ ሴት አገባ። እሷም አላረገዘችም።

በኋላ ለክትባት ዘመቻ ኩርሙክ ተላክሁ። እናቶች ሕፃናት ታቅፈው ተሰልፈዋል። ቀና ስል ፊቴ የቆመችው ሐዋ ናት፤ ወንድ ልጅ ታቅፋለች። ሌላ አግብታ ወልዳለች። እኔ ወደ ክትባት ሣጥኑ አጎነበስኩ፤ እሷ ግን ደስ ብሏት ሰላም አለችኝ፣ የሁሉንም ደህንነት ጠየቀች። ልጁን ከተብኩላት። ልትሄድ ስትል ተመለሰችና፣

«ሐኪም፣ ለኸሊል ንገርልኝ። እኔ አይደለሁም በለው። ቂም የለኝም። እንዲያውቅ ብቻ» አለችኝ።

እነግረዋለሁ አልኳት። አሶሳ ስመለስ ኸሊል ስለ ኩርሙክ ጠየቀኝ። ሐዋን አይቻት ይሆን ብሎ እንደጠየቀኝ ገብቶኛል፤ ስሟን ግን አልጠራም። ሙቀቱ አይጣል ነው አልኩት። በማግሥቱ የመርፌው ቀን ነበር። ወጋሁት።

ያን ቀን ብነግረው ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ይጠላኝ ነበር፤ ምናልባት ይመታኝ ነበር። ግን መርፌውን ያቆማል። በሕይወት ይኖራል። እኔ እንዳልጠላ ብዬ እሱን ገደልኩት።

ከዚያ ብዙም አልቆየም። መጀመሪያ ብረት ሲያነሳ ትንፋሹ ይቆረጥ ጀመር። ከዚያ ከትምህርት ቤት እስከ ቤቱ መሄድ አቃተው። እግሩ አበጠ፤ በጀርባው ሲተኛ ይታፈናል፣ ትራስ ደርድሮ ቁጭ ብሎ ያድራል። ያ ደረት፣ ሰው አጥር ተደግፎ የሚያየው ደረት፣ ትንፋሽ ማስገባት አቃተው። ሆስፒታል የወሰድኩት እኔ ነኝ። ወጣት ሐኪም መረመረው፤ ደጋግሞ አዳመጠው። ልቡ ከልክ በላይ አብጧል፣ ደክሟል አለ። በዚህ ዕድሜ፣ እንዲህ ባለ ሰውነት፣ ነገሩ አልገባውም።

«መምህር፣ የወሰዱት መድኃኒት ነበር?» ብሎ ጠየቀው።

«ቫይታሚን ብቻ። ወንድሜ ያውቃል፣ እሱን ጠይቀው» አለው ኸሊል፣ በዓይኑ ወደ እኔ እያሳየ።

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። «ምን ዓይነት ነው?»

«ቢ ኮምፕሌክስ» አልኩ።

በኋላ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠርቶኝ ደግሞ ጠየቀኝ። አንተ ባለሙያ ነህ፣ የምታውቀው ነገር ካለ ይረዳኛል አለኝ። ደግ ልጅ ነበር፤ መውጫ እየሰጠኝ ነበር። የማውቀው የለም አልኩት። ብነግረው ሊያድነው ይችል ነበር? አላውቅም። ለዓመታት «ማዳን አይችልም ነበር» እያልኩ ራሴን ሳባብል ኖሬአለሁ። ግን የዋሸሁት ስለማይድን አልነበረም። የሙያ ፈቃዴን እንዳይነጥቁኝ፣ እንዳልታሰር፣ በከተማው እንዳልዋረድ ነው የዋሸሁት። ይድናል ብሎ ቢምልልኝም ኖሮ የምናገር አይመስለኝም።

ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጻፉለት። ክረምት ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ይሻለውና ይሄዳል እየተባለ ሰነበተ። አልተሻለውም። በመጨረሻው ቀን እጄን ይዞ እናቱን አደራ አለኝ። ስለ ሐዋ አንድ ነገር ሊለኝ ጀምሮ ትንፋሹ አልደርስ አለው። እኔ የምጨርስለት ነገር ነበረኝ። «እሷ አልነበረችም» ማለት ነበር፤ ሁለት ቃል። እነሱንም ከለከልኩት።

ከቀብሩ ስንመለስ ለቅሶው ላይ እናቱ ወደ እኔ መጡ። የእሳቸው አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም። ሁለቱን እጆቼን ይዘው፣

«ልጄ ኸሊል አንተን በጣም ትወዳለች። አንተ እስከ መጨረሻ አልተውሽም። አላህ ይስጥሽ፤ እጅሽን ይባርክ» አሉኝ።

እጆቼ በእጃቸው ውስጥ ነበሩ።

«አሜን» አልኩ።

ሰው ሁሉ ሰምቶኛል። ለዚያ ምርቃት አሜን ብዬ፣ ከለቅሶተኛው ጋር ተቀምጬ፣ ያቀረቡልኝን በላሁ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ እዚሁ አሶሳ ነኝ። በየሰፈሩ የስፖርት ቤት ተከፍቷል፤ ወጣቶች አንዳንዴ ስለ መርፌ ይጠይቁኛል፤ አይሆንም፣ ይገድላችኋል እላቸዋለሁ። እንዴት አወቅክ ሲሉኝ መጽሐፍ ላይ አነበብኩ እላለሁ። አያችሁ? ሰው ላድን ስል እንኳ እዋሻለሁ።

ይቅርታ ልጠይቅ ብል ማንን? እሱ አፈር ውስጥ ነው፤ እናቱም ተከትለውታል። ሐዋ ግን አለች። ቤቷን አውቀዋለሁ። ወደ ኩርሙክ መኪና በየቀኑ ይሄዳል። ሄጄ ልነግራት የምችለው ነገር አለኝ፤ መልእክትሽን አልነገርኩትም፣ የገደልኩትም እኔ ነኝ የሚል። ይህን ጽፌ ስጨርስ እሄድ ይሆን ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ራሴን አውቀዋለሁ። አልሄድም።