ባለ አንድ ቺፕና ባለ ሦስት ቺፕ

መካነ ሰላም ውስጥ ባሌ ሰርግ በቪዲዮ ይቀርጽ ነበር። ያኔ በከተማው ካሜራ ያለው ሰው ጥቂት ስለነበር፣ ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ የሚጠራው እሱ ነው። ይህን ክብር ለምዶት ሳለ ወንድሜ ከጅዳ አንድ ትልቅ ካሜራ አንጠልጥሎ መጣ።

“ይሄ ባለ ሦስት ቺፕ ነው” አለው ባሌን፣ ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ። “ያንተ ቀዩንም፣ አረንጓዴውንም፣ ሰማያዊውንም በአንዲት ቺፕ ነው የሚያይ። የእኔ ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ አለው።”

“እኔ ሚስትም ያለችኝ አንድ ናት” አለ ባሌ። “ምን ጎደለብኝ?”

እናቴ ሳቋን በሻሿ ጫፍ አፈነች። እኔም መልሱን ወድጄው ነበር፤ አልነገርኩትም እንጂ።

በክርክር ስላልተሸናነፉ የታናሽ እህቴን ሰርግ ሁለቱም ቀረጹት። ዳሱ ውስጥ ሲጋፉ ዋሉ። አጎቴ ቢቸግራቸው “እናንተ ልጆች፣ ሙሽሪት እኮ ወዲህ ናት!” ብለው ጮኹ።

ሰርጉ እንዳለፈ፣ ጁምዓ ከሶላት መልስ ቤተሰቡ ቴሌቪዥኑ ፊት ተሰበሰበ። መጀመሪያ የባሌ ካሴት ገባ። የሙሽሪት ልብስ ቀይ ቀለም ወደ ዳር ፈሶ ከጎኗ የተቀመጡትን ሚዜዎች ነክቷል። ዳሱ ጨለም ያለበት ቦታ ሲደርስ ምስሉ ጤፍ የተበተነበት ይመስል በነጠብጣብ ተሞላ።

“እኔ የታለሁ?” አሉ ጢማቸውን ሂና የተቀቡት አጎቴ።

“ያ ብርቱካንማው አንቱ ነዎት” አለ ወንድሜ።

ቀጥሎ የእሱ ገባ። ወላሂ፣ ልዩነቱ ዓይን የሚከፍት ነበር! ቀዩ ቀይ ነው፤ የልብሱ ጥልፍ ክሩ ሳይቀር ይታያል፤ የአጎቴ ጢም አንድ በአንድ ይቆጠራል። “ማሻአላህ!” አሉ አጎቴ። ባሌ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አለ።

ግን ብዙም ሳንቆይ ምስሉ መሮጥ ጀመረ። ወንድሜ ከሙሽሪት አፍንጫ ወደ ዳሱ ጣራ፣ ከጣራው ወደ ወጥ ድስቱ እየዘለለ፣ አንዴ እያቀረበ አንዴ እያራቀ ቀርጾታል። እናቴ ጭንቅላቷን ያዘች።

“ልጄ፣ መኪና ላይ ሆነህ ነው እንዴ የቀረጽከው?”

“የደሴ መንገድ እንኳ እንዲህ አላዞረኝም” አሉ አጎቴ፤ ይጥፋልኝም አሉ።

ባሌ ይስቃል ብዬ ስጠብቅ፣ ወደ ወንድሜ ካሜራ እያየ “እስቲ ልያዘው?” አለ። ወንድሜ ካሜራውን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቶ ሰጠው። ወደ እናቴ አዞረውና ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ቆመ። ፊቷ ሳይነቃነቅ፣ የሻሿ አረንጓዴ እንዳለ ሆኖ፣ ቴሌቪዥኑን ሞላው።

“ይሻላል” አለ ባሌ ቀስ ብሎ። በትዳራችን ይህን ቃል ሲናገር ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በባለ ሦስት ቺፑ ባሌ ይቀርጻል፣ ወንድሜ መብራትና ገመድ ይዞ ይከተለዋል። የባሌ አሮጌ ካሜራ ለእኔ ደረሰኝ። አጅባር ከተማ ለሰርግ ሲጠሩን፣ ወንድ ቀራጭ ወደማይገባበት የሴቶቹ ክፍል ይዤው ገባሁ። በሩ ሲዘጋ ሴቶቹ ከበሮውን አነሱ፤ እኔም መቅረጹን ረስቼ አብሬ ማጨብጨብ ጀመርኩ።