ሪፖርቱን የፈረምሁት እኔ ነኝ

ከጎንደር የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው፤ ጎረቤት እንዳያየኝ ብዬ። አባቴ እዚያው አራዳ ገበያ ላይ ጨርቅ ይሸጣል። «ልጄ ኢኮኖሚስት ነው» እያለ ደንበኛውን ሁሉ አሰልችቷል። ያ ኢኮኖሚስት ዓረብ አገር፣ ሻርጃ፣ ካርቶን ሊሸከም መሄዱን በምን አፉ ይናገር? አውቶቡሱ ማክሰኝት ሲደርስ ነጋ። ገበሬው እህሉን በአህያ ጭኖ ወደ ገበያ ሲጎርፍ አየሁና አንገቴን ደፋሁ። ለምን እንደደፋሁ ልንገራችሁ።

ዩኒቨርሲቲ ስንማር መምህራችን በየዓመቱ ያንኑ ዳሩ የተበላ ማስታወሻ ያነብልን ነበር። እኛ ሸምድደን እንመልስለታለን፣ እሱም ማርክ ይሰጠናል። እንዲህ አድርጌ በማዕረግ ተመረቅሁ! ከዚያ በአንዲት ደጋ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት የዕቅድ ባለሙያ ሆንሁ። በሁለተኛው ዓመቴ ውርጭ ገብሱን መታው። አያ ደሴ የሚባሉ ሽማግሌ ማሳቸው ውስጥ አንዱን ዛላ በመዳፋቸው አሽተው ገለባውን አሳዩኝ።

«እንዳየኸው ጻፍልን፤ ሌላ አንለምንህም።»

እንዳየሁት ጻፍሁ። ኃላፊዬ አንብቦ ሳቀ።

«ምነው፣ ወረዳችንን ልታዋርድ ነው?»

«ውርጭ መትቶታል እኮ ጋሼ።»

«ዕቅዱ ላይ ውርጭ የለም። ምርት ጨምሯል ብለህ አስተካክል።»

አስተካከልሁ፣ ፈረምሁም። በወረቀት ጠግበን የለ፣ እርዳታው ወደ ሌላ ወረዳ ሄደ። አያ ደሴ በሬዎቻቸውን ሸጠው ከነቤተሰባቸው ወደ ቆላ ተሰደዱ። ኃላፊዬ ሹመት ተጨመረለት፤ ለእኔ ለፈሪው የምስጋና ወረቀት ደረሰኝ። ሰው ሲጠይቀኝ «ደመወዙ አላወላዳ ብሎኝ ነው የተሰደድሁት» እላለሁ። ውሸቴን ነው።

ሻርጃ ደግሞ ቀዝቃዛ የተባለው ቧንቧ ሲከፈት የሚያቃጥል ውሃ የሚወርድበት አገር ነው። የጎንደሩን የቀሐ ወንዝ ውሃ ለለመደ ገላ ይኼ መታጠብ ሳይሆን መቀቀል ነው። ሰላምታቸውም ከዚያ ስስ ዳቧቸው ይሳሳል፤ እናትህ ደህና ናት ወይ የሚልህ የለም። አልጋ አከራዩ ገና ሲያየኝ፣

«ሥራህ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ኢኮኖሚስት ነኝ።»

«ደግ። ክፍሉ ውስጥ ስድስት አልጋ አለ፤ ሰባተኛው የት እንደሚገባ አንተ አስላው።»

አሰላሁ። በሩ ሥር ገባ። ከዚያ ወዲህ በሩ እኩሌታው ብቻ ነው የሚከፈተው፤ ሁላችንም በጎን እንገባለን። አከራዩ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «እውነትም ተምረሃል» አለኝ። ከተመረቅሁ ወዲህ በሙያዬ የሠራሁት ሐቀኛ ሥራ ይኸው ብቻ ነው።

ባለፈው ዓርብ ታናሽ እህቴ ዘሃራ ደወለች። ድምፅዋ ይቆራረጣል።

«ወንድም ጋሼ፣ ምደባ ወጣ! ኢኮኖሚክስ ደረሰኝ፤ እንዳንተ!»

አባቴ ከኋላዋ ጮኸ፤ «ምከራት! ስፒከር ላይ ነህ፣ ጎረቤቱም ይስማ!»

«በርቺ» አልሁ። ጎረቤቱ እልል አለ። እልልታው በረድ ሲል፣ «ዘሃራ፣ ስፒከሩን አጥፍተሽ እስቲ ወደ ውጭ ውጪ» አልኋት።

የበር ድምፅ ሰማሁ።

«ወጣሁ፤ ብቻዬን ነኝ። ምን ሆነሃል?»

አፌን ከፈትሁ። ከአያ ደሴ የገብስ ዛላ ጀመርሁላት። እሷም ስልኩን አልዘጋችውም።