የእትዬ ዘይነባ ወረፋ

ባለፈው ነሐሴ ከጎንደር ስመለስ አውቶቡሳችን ሐሙሲት ላይ ጎማ ፈነዳበት። እስኪቀየር ድረስ ውኃ ልገዛ ከመንገዱ ዳር ካለች ጠባብ ሱቅ ጎራ አልኩ። ባለሱቁ የላምባውን በርሜልና የልብስ ሳሙናውን ካርቶን አጠጋግቶ አስቀምጧቸዋል። የሁለቱ ሽታ ተደባልቆ አፍንጫዬን ሲመታው፣ የዐሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ባሕር ዳር፣ ከቀበሌያችን ሱቅ ባንኮኒ ፊት የቆምኩ መሰለኝ። ከባንኮኒው ጀርባ የሚቆሙት እትዬ ዘይነባ ነበሩ።

እትዬ ዘይነባ የነጋዴ ልጅ ናቸው። ያች ሱቅ ራሷ የአባታቸው የጨርቅ መሸጫ ነበረች። አብዮቱ መጥቶ ቤቱ ሲወረስና የቀበሌ ሱቅ ሲሆን፣ እሳቸው በአባታቸው ባንኮኒ ላይ ተቀጥረው ሻጭ ሆኑ። ስለዚህ ነገር ሲያማርሩ አንድም ቀን አልሰማሁም። ጋዜጣውን በአንድ እጃቸው እንደ ጥሩንባ ይጠቀልሉና ስኳሩን ይገለብጡበታል። ዘይት ሲቀዱ ጣሳውን ከጠርሙሱ አፍ ላይ ደፍተው እስኪንጠፈጠፍ ይጠብቃሉ። የቸኮለ ሰው ካጉረመረመ «ጠብታዋም ያንተው ናት፤ ምን ያጣድፍሃል?» ይሉታል።

ስኳር በዚያ ዘመን ብርቅ ነበር። ለእንቁጣጣሽ ይመጣል የተባለ እንደሆነ ከማለዳው ወረፋ ይያዛል። ሴቱ ሁሉ ቤቱ የበዓል ሥራ ስለሚጠብቀው በቦታው ድንጋይ አስቀምጦ ይሄዳል። ድንጋይ ካለ ሰው አለ ማለት ነው፤ በዚህ የሚከራከር አልነበረም። የእኛ ከጣና ዳር ያመጣሁት ቀዳዳ ያለው ጥቁር ድንጋይ ነበር። የጎረቤታችን የወይዘሮ አለሚቱ ደግሞ ግማሽ ጡብ ነው። ድንጋይ ያጣ አሮጌ ጫማ ወይም የዛገ ጣሳ ያሰልፋል።

ዐሥር ዓመት በሞላኝ ዓመት ስኳሩ የመጣው በበዓሉ ዋዜማ ነው። ሴቶቹ ድንጋያቸውን ደርድረው፣ ሱቁ እስኪከፈት በጳጉሜን ውኃ ሊታጠቡ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሐይቁ ወረዱ። እኔን ጉንፋን ይዞኝ ስለነበር እናቴ ከሱቁ ደጃፍ አስቀምጣኝ ሄደች።

እትዬ ዘይነባ ሱቁን እንደከፈቱ የቀበሌው ሊቀመንበር ጋሪ አስከትሎ መጣ። ከጎኑ ጠመንጃ ያነገተ አብዮት ጠባቂ አለ። ሊቀመንበሩ ትልቅ ሰው ነበር፤ እኔ ግን አንቱታዬን ለእትዬ ዘይነባ ስለጨረስኩት ለእሱ የሚተርፈኝ የለም።

«ጓዲት ዘይነባ፣ ስኳሩን በሙሉ አስጭኚ። ለአብዮት በዓሉ ግብዣ ይፈለጋል።»

«ወረፋ አለ እኮ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«የታለ ሰው? እኔ የማየው ድንጋይ ነው።»

«ባለቤት ያለው ድንጋይ ነዋ።»

ሊቀመንበሩ በዓይኑ ጠቀሰ። አብዮት ጠባቂው በጫማው እየመታ ድንጋዩን፣ ጣሳውን፣ ጫማውን ሁሉ ከሱቁ ፊት ወዳለው ቦይ በተነው። የእኛን ድንጋይ ሲመታው አለቀስኩ። እትዬ ዘይነባ ከባንኮኒው ወጡ፣ በሩን ዘጉ፣ ቁልፉን ጠምዝዘው ከደረታቸው ከተቱ።

«ምን ማድረግሽ ነው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ቆለፍሁ። ወረፋው ሲስተካከል እከፍታለሁ።»

ከዚያ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ቦዩ ውስጥ ወረዱ። ጭቃ የነካውን እየጠረጉ አንድ በአንድ አወጡና መደርደር ጀመሩ። «ይኸ የአለሚቱ ነው። ይኸን ያኖረችው ከሰባታሚት የመጣችው ሴትዮ ናት። ይቺን ጣሳ ያኖረችው የመምህሩ ሚስት ናት።» ማለዳ በዚያ ሲያልፉ ማን ምን እንዳኖረ አይተው ነበርና አንዱንም አላሳሳቱም። የእኛን ከጡቡ ቀጥሎ ሲያስቀምጡ አየሁ። ጠመንጃ ቆሞ እያያቸው እጃቸው ሥራውን አላቋረጠም። ብዙ ጀግና ተብዬ አይቻለሁ፤ ዛሬም የምቀናው በዚያ እጅ ነው።

ሴቶቹ ፀጉራቸው እንደራሰ ከሐይቁ ሲመለሱ ነገሩ በአንድ እይታ ገባቸው። እያንዳንዷ ሄዳ ከድንጋይዋ አጠገብ ቆመች።

«የዚህን ዋጋ ታገኛለሽ» አለ ሊቀመንበሩ።

«እርስዎም ከፈለጉ ድንጋይዎን ከመጨረሻው ያኑሩ።»

ጋሪው ባዶውን ተመለሰ። እትዬ ዘይነባ ከፍተው እስከ ከሰዓት ሸጡ፤ ለመጨረሻዋ ሴትዮ የደረሳት ከጆንያው የተራገፈው ነው።

መስከረም ሳይጋመስ ስብሰባ ተጠራ። እናቴ እኔንም ይዛኝ ሄደች። እትዬ ዘይነባን ከፊት አቁመው አሻጥረኛ አሏቸው። ሊቀመንበሩ «ከሥራ መባረሯን የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ» አለ። እናቴ የአባቴ የፋብሪካ ሥራ እንዳይነካ ስትል፣ እጅ አውጡ በተባለ ቁጥር ከሁሉ የምትቀድም ሴት ነበረች። ያን ቀን ሁለቱንም እጆቿን ነጠላዋ ሥር ከተተች።

«አንቺስ?» አላት።

«እጄን አሞኛል።»

ወይዘሮ አለሚቱ ቀጠሉ፤ «እኔንም አሞኛል።» ከኋላ አንዲት ሴት «የኔስ ከታመመ ይኸው ሰነበተ» አለች። አዳራሹ ውስጥ የታፈነ ሳቅ ተሰማ። በቦዩም በጠመንጃውም ፊት ቀና ብለው የነበሩት እትዬ ዘይነባ ያን ጊዜ ሻሻቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡት።

ቢሆንም ተባረሩ። ቃለ ጉባኤው ቀድሞ ተጽፎ ኖሯል። ዱርቤቴ ካሉት እኅታቸው ዘንድ ሄዱ፤ ዳግመኛ አላየኋቸውም። ሊቀመንበሩ ከዚያ በኋላም ስንት ስብሰባ ጠራ፣ ስንት ጊዜ እጅ አውጡ አለ። የእናቴ እጅ ግን እሱ ከወንበሩ እስኪነሣ ድረስ አልዳነም።