የማይቆጠር ከብት

ዘርፈሽ ነገሌ ቦረና ተወልዳ ያደገች የጂኦግራፊ መምህርት ነበረች። አባቷ ከሰሜን በወታደርነት መጥቶ እዚያው ጦር ሰፈር ያረጀ ሰው ነው። እሷ ግን ኦሮምኛን ከጎረቤት ልጆች ጋር አቧራ ላይ ስትጫወት ለምዳዋለችና፣ ገበያ ስትከራከር የሰማ የማን ልጅ እንደሆነች አይለይም ነበር። የጎደላት ነገር ቢኖር ከብት ነው። ወተት ገዝተው የሚጠጡ ሰዎች ልጅ ናት። ይህ እዚህ ግባ የማይባል ነገር ይመስላል፤ እንዳልሆነ ኋላ ታየ።

በዲፕሎማ ጥቂት ዓመት ካስተማረች በኋላ ዲግሪዋን በክረምት መማር ጀመረች። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ኤንትሬ ጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ተሳፍራ፣ የክብረ መንግሥትን ጭቃ አልፋ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች፤ መስከረም ሲጠባ ትመለሳለች። በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ክረምት ስለ ተፈጥሮ አደጋና ስለ ኅብረተሰብ የሚያወራ አዲስ ኮርስ ተከፈተ። አስተማሪው ዶክተር ኃይለመስቀል የሚባሉ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ። የመጀመሪያው ቀን ጠመኔያቸውን እያገላበጡ እንዲህ አሉ፦

«ድርቅ ከሰማይ ይመጣል። ረሀብ ግን ከሰማይ አይመጣም። መካከል ላይ የቆመ ሰው አለ፤ የምናጠናው እሱን ነው።»

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ንግግር የሰማ ተማሪ መጀመሪያ የሚያደርገው ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንደተቀመጠ ማየት ነበር። ዘርፈሽ ዞር አላለችም። ጻፈችው።

ሁሉም በሚቀጥለው ክረምት ከየአገሩ አንድ ጥናት ይዞ እንዲመጣ ታዘዘ። ዘርፈሽ የመረጠችው ጥያቄ ድርቅ በነገሌ ዙሪያ ያለውን ሊበንን በሙሉ ሲመታ አንዱ ቤት ወድቆ የሚነሣው፣ ሌላው ወድቆ የሚቀረው ለምንድን ነው የሚል ነበር። ዶክተሩ ወደዱላት። «ግን የሞተውና የተረፈው ከብት በቁጥር ይቅረብ። ያለ ቁጥር አልቀበልም» አሏት። በአንድ ኮርስ ከወደቀች የክረምት ቦታዋ ለሌላ መምህር እንደሚሰጥ ደግሞ የአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ ነግሯታል።

በልጉ አስቀድሞ ቀርቶ ነበር፤ የጥቅምቱም ዝናብ ቀረ። በኅዳር ዘርፈሽ ሊበን ውስጥ ወዳለ አንድ ኤላ ወረደች። ኤላ የሚሉት ወንዶች በመሰላል ላይ ተደራርበው፣ እየዘፈኑ፣ ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ የሚያወጡበት ጥልቅ ጉድጓድ ነው። የውኃውን ተራ የሚያስከብረው፣ ሰው ሁሉ በበኩር ልጁ ስም አባ ገልገሎ የሚለው ሽማግሌ ነበር። ከብቱ በየመንጋው እየተጠራ ወደ ገንዳው ይወርዳል። የዘርፈሽ ጣት ሳታስበው ተነሣ፤ ከንፈሯም መንቀሳቀስ ጀመረ።

«እጅሽን መልሺ!»

ዘፈኑ ቆመ። አባ ገልገሎ ውኃ ያልቀመሰውን መንጋ በዱላው ወደ መጣበት መለሰው።

«ኢንታላ ኮ፣» አላት በኦሮምኛ፣ ልጄ እንደማለት፤ ድምፁ ግን የአባት አልነበረም። «የእናትሽን ልጆች በጣቴ እየጠቆምኩ ብቆጥር ደስ ይልሻል?»

«አላወቅሁም፣ አባቴ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ቋንቋውን ታውቂያለሽ፣ ይኼን አታውቂም?»

«አፏ ነው እንጂ እሷ እዚህ አላደገችም!» አለ አንዱ ከጉድጓዱ ውስጥ። ሳቁ ከመሬት በታች መጣ።

አርቢዎቹ፣ የቆጠሩት ከብት ይመናመናል ብለው ያምናሉ። ባለ ከብቱ ራሱ አይቆጥርም፤ መልኩን አይቶ የጎደለውን ያውቃል እንጂ። ከብት ያላረባ ቤት ይህን ለልጁ አያስተምርም። ዘርፈሽ ወደ ከተማ ስትመለስ ያንገበገባት ስድቡ አልነበረም፤ በእሷ ጣት ምክንያት ጥማቱን ይዞ የተመለሰው መንጋ ነው።

ኮርሱን አብሯት የሚማረው ሸዋንግዛው ፊልቱ በምትባል ከተማ ያስተምር ነበርና ነገሌ ሲመጣ ነገረችው። ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«እኔ የፊልቱን ግመል አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ነው የቆጠርኩት። አንድም ግመል አልተቃወመኝም።»

«አንተ አታፍርም?»

«ሊበን ወርዶ የሚያጣራ ማን አለ? ፈጥረሽ ጻፊ፣ ዲግሪሽን ያዢ።»

«ዶክተሩ መካከል ላይ የቆመውን ሰው ነው የምናጠናው አሉን። እኔው መካከል ቆሜ ከዋሸሁ፣ ሌላ ሰው ማጥናት ምን ያስፈልገኛል?»

«ኧረ ሴትዮ! ለአንድ ኮርስ?»

«ለአንድ ኮርስ።»

ብዙ ሰው ሐቀኛ የሚሆነው ሐቁ ርካሽ ሲሆን ነው። ዘርፈሽ ላይ ተወዶባት ነበር፤ የካቲት እስኪገባ በእጇ የያዘችው አንድም ነገር አልነበረም።

በየካቲት ከብቱ ይረግፍ ጀመር፤ ቆዳው ወደ ነገሌ ጎረፈ። ባሏ ከሞተ ወዲህ የቆዳ መጋዘኑን የምታስተዳድረው ቀድሪያ ቦታ ጠቧት በረንዳው ላይ ትከምር ነበር። ዘርፈሽ አፍንጫዋን ይዛ ስታልፍ አንድ ቆዳ ላይ በብረት የተተኮሰ ምልክት አየች። ቆመች።

«ቀድሪያ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«የጎሳ ምልክት ነዋ። ያ ደግሞ የሌላ ጎሳ ነው። ምነው ቲቸር፣ ቆዳ ልትነግጂ ነው?»

ከዚያ ወዲያ በገበያ ቀን ሁሉ ዘርፈሽ መጋዘኑ ውስጥ ነበረች። ቆዳ ትገለብጣለች፣ በየምልክቱ ትለያለች፣ ትጽፋለች።

«ይሄ ሽታ ልብስሽ ውስጥ ከገባ ባል አታገኚም» ትላታለች ቀድሪያ።

«ሽታ የሚፈራ ባል ምን ሊረባኝ!»

አንድ ቅዳሜ አባ ገልገሎ ቆዳ በአህያ ጭኖ መጣ። ክምሩ መካከል አያትና ቆመ። ዘርፈሽ እርሳሷን አስቀመጠች። የወራት ሥራዋ በዚህ ሰው አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

«ቆዳ ትቆጥራለች አሉኝ።»

«ነውር ከሆነ አሁኑኑ ይንገሩኝ፣ አባቴ። በስርቆት አልሠራውም።»

ሽማግሌው የላይኛውን ቆዳ ከአህያው አውርዶ እግሯ ሥር ዘረጋው። ቀይ ላም ነበረች።

«ቁጠሪ። የሞተ አይሰማም።» ቆይቶ ደግሞ፣ «የተረፈውን አትንኪ። ማን እንደሚነሣና ማን እንደሚቀር ማወቅ ከፈለግሽ ግን ጎሳው ሲሰበሰብ ነይ።»

ሄደች። ጎሳው ከዛፍ ሥር ተሰብስቦ ከብቱ ያለቀበትን ሰው በአንድ ጥያቄ ያፋጥጠዋል፦ ፀሐይ ነው የወሰደብህ ወይስ የገዛ እጅህ? ፀሐይ ከሆነ ዘመዱ ሁሉ ላምም ጊደርም አዋጥቶ ያቋቁመዋል። እጁ ከሆነ ተሰድቦ፣ አንዳንዴም ተዝኖለት ይሄዳል። ዘርፈሽ የዶክተሩን ሐሳብ ጠመኔ ነክቶ ከማያውቅ ሰው አፍ ስትሰማ ቃል በቃል ጻፈችው። ከዚያ የቆዳውን ጽሑፏን ከሰዎቹ ታሪክ ጋር ስታስተያይ አንድ ነገር ፈጦ ወጣ፦ እኩል የረገፈባቸው ጎሳዎች እኩል አልተራቡም። ዘመዱ ተሰብስቦ ሊማከር የቻለው ቤት ተነሣ፤ ግጦሹን ተነጥቆ በየመንገዱ ዳር የተበተነው ግን የሚጠይቀውም የሚያዋጣለትም አጥቶ የእርዳታ እህል ጠባቂ ሆነ።

በሰባ ሰባት ክረምት ጥናቷን ክፍል ፊት ቆማ አቀረበች። ዶክተር ኃይለመስቀል እስከ መጨረሻው አላቋረጧትም።

«የተረፈው የታለ?»

«የተረፈው አይቆጠርም።»

«ያለ ቁጥር አልቀበልም ብዬ ነበር።»

«ብለዋል። የሞተውን ቆጥሬያለሁ። የተረፈውን ከፈለጉ ሊበን ድረስ ወርደው እርስዎ ራስዎ ይጠቁሙበት።»

ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

«ጅብ የበላው ቆዳ ገበያ አይወጣም። ቁጥርሽ ጎዶሎ ነው።»

«ጎዶሎ ነው። የትና ለምን እንደሚጎድል ገልጫለሁ፤ ከመደምደሚያው በፊት ነው።»

ገለጡት። ለረጅም ጊዜ አነበቡ። በመስኮቱ ላይ ዝናብ ይወርዳል፤ ታች ሊበን የሌለ ዝናብ።

«ተቀመጪ» አሉ ሳያዩዋት።

«አልፌያለሁ?»

«ተቀመጪ አልኩሽ እኮ።»

«ይንገሩኝና እቀመጣለሁ።»

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «አልፈሻል። በሚቀጥለው ዓመት ግን እንዲህ እንዳትከራከሪኝ።»

«እሱን ቃል አልገባም» ብላ ተቀመጠች።

ከሰዓት በኋላ ሌሎቹ ሻይ ቤት ሲገቡ፣ እሷ ሬጅስትራር መስኮት ፊት ዝናብ እየመታት ለመጨረሻው ዓመት ትምህርት ልትመዘገብ ተሰልፋ ነበር።